የሳሕራ መንጋጋ በኒቆዲሞስ ሞርሳ ላይ

ገጠመ! ተመስገን፣ ገጠመ! የላይኛው ጥርስ በታችኛው ላይ፣ እያንዳንዱ በየቦታው፣ ጥሩ አናጢ እንደሠራው በር ግጥም ብሎ ተዘጋ። ዛሬ ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ፣ የቀዶ ጥገናው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ደብተር ይዤ ቁጭ ያልኩት ነገሩ ትኩስ እንዳለ ላሰፍረው ብዬ ነው፤ ካደረ ግማሹ ይተንብኛል።

የማን ጥርስ ነው ትሉኛላችሁ። ጥርሱ የሳሕራ ነው። ምሥራቹ ግን የሁለት ሰው ነው፤ የሳሕራና የጎረቤቴ የኒቆዲሞስ። ሳሕራን ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ኒቆዲሞስን ግን ከሰፈራችን ከከዚራ ውጪ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ቢሆንም ከሳሕራ ልጀምር፤ ነገሩ የመጣው በእሷ በኩል ነውና። እኔ መጋረጃ እሸጣለሁ፣ እሷ የልጆች ልብስ። ሱቃችንን የሚለየው አንድ ሸራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ከርመናል። እኔ ደንበኛ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ሳሕራ ግን ትጣራለች። በሶማሊኛ ትጀምራለች። አላፊው ዞር ካላለ በኦሮምኛ፣ እንቢ ካለ በአማርኛ፣ ከዚያም በአደርኛ። አራቱም ካልሠሩ ትስቅበታለች። በሳቋ የማይመለስ ሰው አላየሁም።

አምና ቀኝ ጉንጯ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ድሬ ውስጥ ያበጠ ጉንጭ ምን ይባላል? «ሳሕራ፣ በጠዋቱ ጀመርሽው እንዴ?» ይሏታል፤ ጫት መቃሟ ነው ማለታቸው። እሷም «አዎ፣ ለአንተም ላካፍልህ?» ትላለች። ስድስት ወር በዚህ ቀልድ አለፈ። በሰባተኛው ወር ቀልዱ አለቀ፤ ጉንጯ ማታም አይጎድል ጀመር።

ዶክተር ጦልሃ የሚባል የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም አያት። እጢ ነው፣ ካንሰር አይደለም፣ ግን አጥንት ይበላል አላት። የታችኛው መንጋጋዋ በቀኝ በኩል ከውስጥ ተበልቶ የቀረው ቅርፊት እንደ እንቁላል ልጣጭ ስስ ነው። የተበላው አጥንት ተቆርጦ ይወጣል፣ በቦታው የታይታኒየም ብረት ድልድይ ሆኖ ይታሰራል። «እስከዚያው ለውዝ እንኳ እንዳትቆረጥሚ» አላት። ከተሰበረ ሁለቱ የአጥንት ጫፎች ይለያያሉ፣ የት እንደነበሩም የሚነግር ልክ ይጠፋል። ያኔ ብረቱ በግምት ይታሰራል፤ በግምት ከታሰረ ደግሞ አገጯ ይጣመማል፣ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን አይገጥምም። ያ አፍ፣ በአራት ቋንቋ የሚጣራው አፍ!

ይህ እንዳይሆን የሚያደርግ አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። ዶክተሩ ጋይድ ይለዋል። ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች በትክክል የት እንደሚበሱ የሚመራ፣ አጥንቱ ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከሳሕራ ሲቲ ስካን ላይ በኮምፒውተር ተቀርጾ፣ በፕላስቲክ ታትሞ፣ በልኳ ከታተመ የመንጋጋዋ ምስል ጋር ተላከ።

ያለፈው ማክሰኞ ሳሕራ ሱቋን ሳትከፍት ወደ እኔ መጣች።

«ዮርዲ፣ ቀለጠ አሉኝ።»

«ምኑ?»

«ጋይዱ። ሰማታር አቀለጠው።»

ሰማታር የአክስቷ ልጅ ነው፤ ዕቃውን ያመጣው በራሱ መኪና ነው። የመንጋጋውን ምስል ሻንጣ ውስጥ አድርጎ፣ ጋይዱን ግን ቀጭን ስለሆነ እንዳይሰበር ብሎ፣ በክብር ከፊት ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ድሬ መግቢያ መልካ ጀብዱ ሲደርስ እናቱን ልሳም ብሎ ወረደ። እናት ደግሞ ልጇን ምሳ ሳታበላ አትለቅም። ሁለት ሰዓት! መስኮቱ ተዘግቶ፣ በእኛ ፀሐይ!

«የድሬ ልጅ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ፈረንጅ ቢሆን ይቅር እል ነበር።» ልትስቅ ፈልጋ ጉንጯን ያዘች። «ሌላ እስኪታተም አንድ ወር ነው አሉ። እኔ አንድ ወር የለኝም፣ ዮርዲ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁት።»

እኔ ያኔ ያሰብኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። «ተነሺ» አልኳት፣ «ኒቆ ጋ እንሂድ።»

አሁን ኒቆዲሞስ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። አባቱ ባቡር ገና በእንፋሎት ይሄድ በነበረ ጊዜ የባቡር ሰው ነበሩ። እሱም በአሥራ አምስት ዓመቱ የባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። የተረከቡት አቶ ዘገዬ የሚባሉ አለቃ ነበሩ፤ ዛሬም ሳቢያን ሰፈር አሉ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸውን መዶሻ ወስዶታል። አቶ ዘገዬ ሁለት ሕግ ነበራቸው ይላል ኒቆ። አንደኛው፣ የተጋጠመ ብረት ከመፈታቱ በፊት በሁለቱም ላይ ነጥብ ይመታበታል፤ ሲመለስ ነጥብ ከነጥብ እንዲገናኝ። ያለ ነጥብ የፈታ ተለማማጅ ምሳውን ቆሞ ይበላል። ሁለተኛው፣ የተሠራ ዕቃ ከወርክሾፕ የሚወጣው ተወልውሎ አቶ ዘገዬ ፊታቸውን ሲያዩበት ብቻ ነው። ካላዩ ይመልሱታል። ኒቆ አንድ ጊዜ አንድ ዘንግ ሰባት ጊዜ ተመልሶበታል፤ ይህን ሲያወራ ዛሬም ፊቱ ይቀላል።

የድሮው ባቡር ሲቆም ኒቆ አንድ አሮጌ የብረት መቅረጫ፣ ቶርኖ፣ ገዝቶ ግቢያችን በር ላይ ሱቅ ከፈተ። የመልካ ጀብዱ ገበሬዎች የውኃ ፓምፕ ዘንግ ያመጡለታል፣ ባለ ባጃጆች የተሰበረ እግር፣ ወፍጮ ቤቶች ያለቀ ጥርስ። ሃያ ዓመት ጎረቤቱ ነኝ፤ ሁልጊዜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ብረት ሲቀበል መጀመሪያ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በጣቱ ይዳስሰዋል። «ዓይን ቶሎ ይስማማል» ይላል፣ «ጣት ግትር ነው።» እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳ ጠባይ ነው እያልኩ አልፌው ነበር። ሞኝ ነኝ!

ማክሰኞ ዕለት ሳሕራ የሆነውን ስትነግረው ሥራውን አቁሞ ሰማት። «ያየሁትን ነው መሥራት የምችለው» አለ። «ሐኪሙ ይምጣ።»

ዶክተር ጦልሃ አመሻሹ ላይ መጣ። ገና አርባ ያልሞላው፣ ትሑት ሰው ነው፤ የመጣው ግን ለይሉኝታ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ቶርኖውን አየ፣ ጥግ ላይ የተከመረውን የባጃጅ አካል አየ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ መጥቼ ነው።»

«እርስዎ አትበለኝ፣ አስረጀኸኝ። ድሬ ላይ ሁሉም አንተ ነው። አሳየኝ።»

ዶክተሩ ቦርሳውን ከፈተ። የሳሕራን መንጋጋ አወጣ። ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ልክ እንደ እሷ፣ ጥርሱ ሳይቀር። ከጎኑ ደግሞ ያን የቀለጠ ጋይድ አስቀመጠ፤ ሙቀት ያየ ሻማ ይመስላል። ኒቆ ምስሉን አንስቶ ዓይኑን ጨፈነ። በጣቱ ሲሄድበት ቆየና ገለጠው።

«ይሄኛውስ ፀሐይ አላየም?»

ዶክተሩ ምስሉን መልሶ አየው። ያላሰበው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«የራሷ ጥርስ ልክ ሌላ ቦታ የለም?» አለ ኒቆ። ነበረ። ዶክተሩ እዚሁ ድሬ በጂፕሰም ያነሳው የላይና የታች ጥርሷ ቅርጽ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ኒቆ የላይኛውን ጂፕሰም በታችኛው ፕላስቲክ ጥርስ ላይ ገለበጠው። ግጥም አለ። በካሊፐር የፕላስቲኩን ጥርስ ከጂፕሰሙ ጥርስ ጋር በሦስት ቦታ ለካ። «ደህና ነው» አለ። «ሻንጣ ውስጥ ነበር ያላችሁት እውነት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ዶክተር ጦልሃ የቆመበት አቋም ተለወጠ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠና በዝርዝር ያስረዳው ጀመር። የታይታኒየሙን ብረት በምስሉ ላይ አስቀድሞ አጥፎ አዘጋጅቶታል። የቀረው፣ አጥንቱ ገና ሳይቆረጥ፣ ከእጢው ወዲህ አራት ከእጢው ወዲያ አራት ቀዳዳ መብሳት ነው። ቀዳዳዎቹ ከተበሱ በኋላ ጋይዱ ይነሳል፣ የታመመው አጥንት ይቆረጣል፣ ብረቱ በእነዚያው ስምንት ቀዳዳዎች ይታሰራል። አጥንቶቹም ድሮ ወደነበሩበት ይመለሳሉ።

ኒቆ ከምስሉ ቀና አለ። «ሳይፈታ ነጥብ መምታት ማለት ነው።»

«እንዴት?»

«ምንም። ይሄን እኮ እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው የተማርኩት።»

ምን ልበላችሁ! የባቡር ጎማና የሰው መንጋጋ አንድ ሕግ!

ዶክተሩ ግን በግልጽ ነገረው። ብረቱ የሆስፒታል መሣሪያ የሚሠራበት የማይዝግ ብረት መሆን አለበት፤ አገልግሎቱን ከጨረሰ የሆስፒታል መሣሪያ ላይ ቁራጭ አመጣልዎታለሁ አለ። በእንፋሎት ስለሚቀቀል ምንም ቀለም፣ ምንም ብየዳ አይኖረውም። «እና ይህ ምስል ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ቀዶ ጥገና ክፍል አላስገባውም። ሰኞ ይቀርና አዲሱን እንጠብቃለን።»

«ካልተቀመጠ እኔም አልሰጥህም» አለ ኒቆ።

ሦስት ቀን ከሱቁ ውስጥ የሞረድ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ባለ ባጃጆቹን «ከሰኞ በኋላ» እያለ መለሳቸው። ሚስቱ ሰርካዲስ ምሳውን እዚያው አመጣችለት፤ በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ይዳስሳል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሲመጣ ኒቆ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከመሳቢያ አወጣ።

አቤት ሲያምር! ሁለት ትንንሽ እግር፣ በመሐላቸው ቀጭን ድልድይ፣ በየእግሩ አራት አራት ቀዳዳ። ሲያብረቀርቅ የአንገት ጌጥ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ፊቴን አየሁበት፤ የቅንድቤን ጸጉር መቁጠር እችል ነበር። ዶክተሩም «ማሻአላህ» አለ።

ምስሉ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ። በጣቱ ጫፍ የቀኙን እግር ተጫነው። ቀጭ። የግራውን ተጫነው። ቀጭ።

ያቺን ድምፅ መቼም አልረሳትም።

«ጋሼ» አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ፣ «ውስጡንም ወልውለውታል?»

«እንዴታ!»

«አጥንት እኮ ለስላሳ አይደለም። ጉብታ አለው፣ ስርጉድ አለው። ጋይዱ ቦታውን የሚያውቀው በእነዚያ ነው። ሲወለውሉት የእነሱ ቅርጽ ከውስጡ ጠፋ።»

«ስንት ይወዛወዛል?»

«ግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ነው።»

«ለፓምፕ ቢሆን ምንም አይደል...» ጀመረና ተወው። «ለጥርስስ?»

«ጥርስ መካከል የገባች አንዲት ጸጉር ምላስ ያገኛታል፣ ጋሼ። ግማሽ ሚሊሜትር ብዙ ጸጉር ነው።»

ኒቆ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። አርባ ስድስት ዓመት የሠራበት ሙያ ነው ያሳሳተው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ፣ ውስጡን ማን ያየዋል ብሎ ሻካራ ቢተወው ኖሮ፣ ገጥሞ ነበር። ዓይኖቹ እንባ አዝለው አየሁ፤ ሃያ ዓመት አይቼው የማላውቀውን።

ሰርካዲስ ከበሩ ላይ ሆና ሰምታለች። «ምን ያስቀምጥሃል?» አለችው። «ብረት ነው እንጂ ልጅ አይደለ! የተረፈ ቁራጭ የለህም?»

ነበረው። ዶክተሩ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሱ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። አንድ ቀን ተረፈ፤ ቅዳሜ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳሕራ ከእኔ ጋር ገባች። ገና ከበሩ ቆማ ቀረች። መንጋጋዋ ከሥሩ ጨርቅ ተደርጎለት በትልቁ የብረት መያዣ፣ በሞርሳው፣ ተይዞ ነበር።

«ያ አላህ! ይሄ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ» አለ ኒቆ።

ዞረችው። ከሥር አየችው። ካበጠው ጎኑ ላይ እጢዋ አጥንቱን እንዴት እንደነፋው በጣቷ ተከተለች። ከዚያ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «አዴር ኒቆ!» ብላ ጮኸች፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። «ቀስ በል እንጂ፣ አመመኝ!»

ኒቆ በድንጋጤ ዘሎ ሞርሳውን አላላው። «ይቅርታ!» አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለፕላስቲኩ። ሦስታችንም ሳቅን። ሳሕራ ሳቋን በሁለት እጇ ደግፋ ነበር የምትስቀው።

አሁን ችግሩን ነገራት። ሁለት ነገር በትክክል እንዲገጥም ሲፈለግ ወርክሾፕ ውስጥ አንዱ ስስ ሰማያዊ ቀለም ይቀባል፤ ሌላው ሲጫነው ቀለሙ የነካው ቦታ ይታያል፣ የነካው ብቻ ይፋቃል። የእሱ ቀለም ግን ከደረቀ ዓመታት አልፈዋል።

«ቀለም ብቻ ነው የጠፋው?» አለች ሳሕራ። ቦርሳዋን ከፍታ ሊፕስቲክ አወጣች። ቀይ፣ ለሰርግ የምትቀባው። «ሀዬ፣ በዚህ ቀባኝ። እኔ እንደሆነ ካበጥኩ ወዲህ አልተቀባሁትም።»

ኒቆ ሊፕስቲኩን ተቀበለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በጣቶቹ መካከል አሸት አደረገው። «ጥሩ ነው» አለ በመገረም። «ከእኛው ይሻላል።»

ከዚያ የሆነውን ያየሁት ቁጭ ብዬ ነው፤ ሱቄን ዘግቼ፣ በቅዳሜ ገበያ! መንጋጋውን እንደ ትንፋሽ ስስ አድርጎ በቀይ ቀባው። ከተረፈው ቁራጭ ሌሊቱን የቀረጸውን አዲስ ጋይድ ጫነው፣ አነሳው። ውስጡ ላይ ሦስት ቀይ ነጥብ። ከአሮጌ ሞረድ ስሎ በሠራው መፋቂያ ነጥቦቹን ፋቃቸው፤ የሚወርደው ብረት ዱቄት እንኳ አይባልም፣ ጢስ ነው። ደግሞ ቀባ፣ ደግሞ ጫነ። አምስት ነጥብ። ፋቀ። ዘጠኝ። ፋቀ። ሰማንያ ሦስት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። በሰማንያ ሦስተኛው የሁለቱም እግሮች ውስጥ ዳር እስከ ዳር በቀይ ነጠብጣብ ተሞላ፤ በሁሉም ቦታ ነክቷል ማለት ነው። ብረት አጥንትን ተማረ። ሌላ ቃል የለኝም።

ከመጨረሱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። እጁን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበና «ሳሕራ፣ ብትፈቅጂልኝ» አለ፣ «የራስሽን መንጋጋ አንዴ ልንካው።»

ሻሿን ከአገጯ ሥር ገለጥ አደረገች። «ንካ፣ አዴር። አሁን አንተም ሐኪም ነህ።»

ዓይኑን ጨፍኖ በአንዲት ጣት ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ ሄደ። በሌላው እጁ ፕላስቲኩን ይዳስስ ነበር። ሁለቱ እጆቹ አንድ መንገድ ሲሄዱ አየሁ፤ አንዱ በሞተ ነገር ላይ፣ አንዱ በሕያው።

«አንድ ነው» አለ።

«አዴር፣ ከዚህ በኋላ መጣራት እችላለሁ?»

ቀልድ አልነበረም። ኒቆ ጣቱን አነሳ።

«ስለ ሥጋው ሐኪሙን ጠይቂ። እኔ የማውቀው ብረቱን ነው። ብረቱ አያሳፍርሽም።»

እሑድ ዶክተሩ መጣ፣ ጫነው። ቀኙን ተጫነ። ዝም። ግራውን ተጫነ። ዝም። መሐሉን ተጫነ። ዝም! የታይታኒየሙን ብረት ከምስሉ ላይ አስቀምጦ በስምንቱ ቀዳዳ መርፌ አሳለፈ፤ ሁሉም ገባ። ከዚያም ጋይዱን ወደ ብርሃን አነሳው። ውጪው የተወለወለ፣ ውስጡ እንደ ድመት ምላስ ሻካራ። «ጋሼ» አለ፣ «መዝገቡ ላይ ስምዎን እንዴት ነው የምጽፈው?» ኒቆ ግን መሣሪያዎቹን እየሰበሰበ «መጀመሪያ በደንብ ቀቅለው» አለው።

ዛሬ ጠዋት ሳሕራ ገባች። እኔና እህቷ ኩልሚዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ ኩልሚዬ ሙስበሃዋን እየቆጠረች፣ እኔ የወለሉን ንጣፍ። ኒቆ አልመጣም። «ብረቱ ሄዷል፣ እኔ ምን አደርጋለሁ» አለና ሱቁን ከፈተ። ሦስት ሰዓት፣ አራት፣ አምስት። ስድስት ላይ ኩልሚዬ «ለምን ቆዩ?» ብላ ያዘችኝ፤ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ሰባት ከሩብ ላይ በሩ ተከፈተ። ዶክተር ጦልሃ ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደ። ሁለት እጆቹን አንስቶ ጣቶቹን በጣቶቹ መካከል አስገባቸው።

«ገጠመ» አለ። «ጋይዱ ተቀመጠ፣ አልተነቃነቀም። ስምንቱም ብሎን ሳንገፋው ገባ። ጥርሷን ስንዘጋው...» እዚህ ላይ ጣቶቹን ደግሞ አሳየን። ገና እብጠቱ ይወርዳል፣ ሳምንታት ሾርባ ብቻ ትጠጣለች፣ ወደፊትም ሌላ ሥራ ይቀራል አለን። ይሁና! ኩልሚዬ ዕልልታዋን ለቀቀችው፣ ነርሷ ተቆጣችና ራሷም ሳቀች።

ባጃጅ ይዤ ከዚራ ደረስኩ። ቶርኖው እየዞረ ነበር፤ ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ትከሻውን ስነካው አጠፋው።

«ተወዛወዘ?» አለኝ።

«አልተወዛወዘም!»

«ስምንቱም?»

«ስምንቱም! ጥርሷም ገጠመ!»

እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ አሥሩንም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሮ ቆመ፣ እኔም ወደ በሩ ዞርኩ። ዕድሜ ልኩን ለባቡር፣ ለፓምፕ፣ ለወፍጮ ሲሠራ የኖረ እጅ ዛሬ የሰው ፊት ውስጥ ገብቶ ወጣ! ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ» ያለኝ ሰው ነው።

ሲዞር ዓይኑ ቀልቷል። «ዮርዲ፣ አቶ ዘገዬ ማወቅ አለባቸው» አለ።

«ሂድና ንገራቸዋ!»

«እኔ አልችልም።» አፈረ፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ። «ሳልወለውል አስረክቤአለሁ። ውስጡን። እንዲህ ሆኖ ነው ብለሽ አንቺ አስረጂልኝ። ነጥቡን ግን መትቼአለሁ በያቸው።» ከመሳቢያው ያን የመጀመሪያውን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ያልገጠመውን አወጣ። «ይሄን ስጫቸው። ፊታቸውን ይዩበት።»

ወዲያው መሄድ ነበረብኝ፤ ግን በድሬ በዚህ ሙቀት ከምሳ እስከ አሥር ሰዓት የሽማግሌ በር አይንኳኳም። ለዚህ ነው ደብተሬን የከፈትኩት። አሁን ሰዓቱን ሳየው አሥር ሊሆን አምስት ደቂቃ ነው የቀረው፤ ነቅተው ፊታቸውን እየታጠቡ ይሆናል። ጆሯቸው አይሰማም፣ ሳቢያን ሰፈር ሙሉ እስኪሰማ መጮኼ ነው። ይጩኹብኝ! ጋይዱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ዳሽቦርድ ላይ አላስቀምጠውም። ባጃጁም መጣ፣ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ መጣሁ፣ መጣሁ በሉልኝ!